ደሙ ታርቋል ወይ?

ቤተሰባችን አንድ ነፍሰ ገዳይ ነበረው፤ በደንብ ይዘነውም ነበር። የአባቴ አያት ነው። ተጉለት ውስጥ፣ እንደ ወንድም አብሮት ያደገውን ጓደኛውን ገደለው፤ ሬሳውን ገደል ጨመረው፤ የሟች እናትም ፀጉሯን ነጭታ፣ «የቤትህ ሴቶች ባል አይሰንብትላቸው!» ብላ ረገመችው። ታሪኩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ጢም ሳያወጣ ከአገሩ ወጥቶ፣ ከተማዋ ገና ድንኳንና ጎጆ ሳለች ከአራዳ በታች ቦታ ተመርቶ የቀረ ሰው ነው። ይዞ የመጣው አንድ ጦር፣ አንድ አጎዛና ይህን ወሬ ነበር። ጦሩ ተሸጠ፤ አጎዛውን ብል በላው፤ ወሬው ግን ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄደ።

ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ያን ጊዜ አራዳ ብቻ ነበር። ከጊዮርጊስ ግርጌ ገበያው፣ ከገበያው ዳር የአርመኑና የሕንዱ ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ሜዳ ላይ የተቀመጠ ዳኛና ነጠላውን አጣፍቶ የሚከራከር ባለጉዳይ። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሰው አገሩን ለቆ ሲመጣ መሬቱን ተሸክሞ መምጣት ስለማይችል አያቱን ይዞ ይመጣል፤ አያትን ደግሞ የሚፈትሽ ኬላ የለም። በዚህ የተነሣ የአራዳ ሰው አያት በሙሉ ወይ አንበሳ የጣለ፣ ወይ ከንጉሥ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰ ነበር። በዚህ መካከል የእኛ ሰው መግደሉ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ትንሽ ያስፈራል፤ መፈራት ደግሞ ለጉርብትና ጥሩ ነው። አጎቶቼ ጠጅ ሲቀርብ ታሪኩን ያነሡታል፤ ብርሌው በተሞላ ቁጥር ገደሉ ይጠልቃል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አላመንሁትም። ማስረጃ ስለነበረኝ አይደለም። ሁሉም ሰው ስለሚያምነው ነው።

እነሱ ማስረጃ የሚሉት እርግማኑን ነበር። የታላቅ እኅቴን ባል፣ ልጃቸው ገና ስትድህ፣ ቀበና ወንዝ በክረምት ሙላት ወሰደው። ዘመድ ሁሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እርግማኑ ነው» አለ። ሰውየው ዋና አያውቅም፤ ሞቅ ብሎታል፤ በቅሎዋ አልሻገርም ስትለው ደብድቧታል፤ ከበቅሎዋ ያነሰ ማስተዋሉን ግን የአባቴ አያት ጥፋት አደረጉት። የአክስቴ ባል ሲሞትም «እርግማኑ ነው» ተባለ። እሱ የሞተው ጥርሱ ሁሉ አልቆ፣ የልጅ ልጆቹን ስም እያምታታ ነው። ባላቸው በሰላም ሽማግሌ የሆነላቸው የዘመድ ሴቶችም ነበሩ፤ እነሱን በእርግማኑ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ አልተገኘም።

እንዲህ እየሳቅሁበት ብዙ ዓመት ኖርሁ። በኋላ ነገሩ የእኅቴ ልጅ ላይ መጣ።

እኅቴ ያቺን አንዲት ልጅ አፍንጮ በር ላይ ብቻዋን አሳደገች። ልጅቷ ጠይም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ናት፤ በአንድ ቃል ሰው ቦታው ላይ ታስቀምጣለች። ለጋብቻ የጠየቃት ቤት አራዳ ላይ አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ቤት ነበር። ልጁና ልጅቷ አስቀድመው ተስማምተዋል፤ ያን ዘመን ይህ አይነገርም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሁላችንም ጉዳዩን ያን ዕለት የሰማን መስለን ተቀበልናቸው። ነገሩ በደስታ ሄደ፤ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት መቁጠር እስኪጀመር ድረስ። በእኛ በኩል ቆጠራው የአባቴ አያት ላይ ሲደርስ፣ አንደኛው ሽማግሌ ብርሌውን ከአፉ አነሣና፣ «ያ... ጓደኛውን የገደለው ሰውዬ እንዳይሆን?» አለ። አጎቴ በኩራት «እሱ ነው!» አለው።

በማግስቱ የልጁ እናት እምቢ አለች።

ነጋዴው ሱቁ ድረስ አስጠራኝ። ትልቅ ሆድና ትንሽ ድምፅ ያለው፣ በገበያው የታወቀ ሰው ነው። ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ለአንዲት ሴት እየለካ ነበር፤ መለካቱን ሳያቋርጥ አነጋገረኝ።

«እኔን የከበደኝ መግደሉ አይደለም። አያቱ ያልገደለ ማን አለ? ጥያቄው ደሙ ታርቋል ወይ ነው።»

«ታርቋል» አልሁ ወዲያው።

«ማን ነገረህ?»

«አባቴ።»

«አባትህን አውቀው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ይኼን ቢያውቅ ኖሮ አራዳ በሙሉ ያውቀው ነበር።» ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ስማ ወንድሜ፣ ልጅቷን ወድጃታለሁ። ልጄም እንደሆነ ልቡ ሄዷል። ግን እናቱን አልችላትም። ልጄን ለእርግማን አልሰጥም ብላ እህል ትታለች። አገርህ ሂድና ጠይቅ። ታርቆ እንደሆነ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን። ካልታረቀም ሽማግሌ ሰደን እናስታርቃለን። ሳያውቁ ግን አይሆንም።»

ለእኅቴ ነገርኋት። የእኔ ሐሳብ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ፣ ጥቂት ሰንብቼ፣ «ታርቋል» ብዬ መመለስ ነበር። በሌለ ግድያ ላይ የሌለ ዕርቅ መጨመር ኃጢአት መስሎ አልታየኝም።

«ዋሽተህ ትድራታለህ?» አለች እኅቴ። «እሺ። ኋላ ባሏ የታመመ ቀን፣ ራሱን ያመመው ቀን፣ እኔ ምን ብዬ እተኛለሁ? አንተ አታምንም። እኔ ባሌን ወንዝ ዳር ቆሜ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ሂድና እውነቱን አምጣልኝ።»

ስለዚህ ሄድሁ። ዝናቡ ወጥቶ አደይ አበባው ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ያን ጊዜ ከፈረንሳይኛ እየተረጎምሁ የምኖር ሰው ነበርሁ፤ በቅሎዬ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕዝቦች ሁሉ ወንድሙን የገደለ አባት ይፈጥራሉ፤ የእኛም ቤተሰብ የድርሻውን ፈጥሯል። ገዳይ አልነበረም፤ ምናልባት ሟችም አልነበረም። ይህን አረጋግጬ ብመለስ ልጅቷም ትዳራለች፣ አጎቶቼም ዝም ይላሉ። የትኛውን የበለጠ እፈልግ እንደነበር አሁን ለመናገር ይቸግረኛል።

የአባቶቼ ደብር ገደል አፋፍ ላይ ነው። እንደ ደረስሁ የማን ልጅ እንደሆንሁ ተናገርሁ፤ ከመንደሩ ሴቶች አንዷ ወደ ሌላዋ ጮኸች፦ «ኧረ ነይ፣ የገዳዩ ዘር ከአዲስ አበባ መጣ!» በቅሎዬን የሚይዝልኝ፣ እግሬን የሚያጥበኝ ተሻማ። አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ስለ ዕርቁ ስጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ቤት ጠቆሙኝ።

የቤቱ ጌታ ትልቅ ሽማግሌ ነበር፤ ጋቢው ነጭ፣ ዐይኑ ትንሽ፣ መስማማት የማይወድ ሰው። ዘመዴ መሆኑን ገና ሳላውቅ አፍንጫውን ከአባቴ አፍንጫ ላይ ያነሣው መሰለኝ። ከጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነበር፦

«አራዳ ውስጥ ሰው በሽቦ ይነጋገራል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ይባባላል?»

«በቃል ከሚባባለው የተለየ አይደለም።»

«ታዲያ ሽቦው ምን ሊያደርግ ተዘረጋ?» አለና፣ እንዳሸነፈኝ አውቆ ጠላ አስቀዳልኝ።

የመጣሁበትን ነገርሁት። ሳቁ ሆዱን ነቀነቀው።

«ታርቋል ወይ ትለኛለህ? እኔ ማን ልሁን እንግዲህ? ቅድመ አያትህ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። ከብቱን ነዳ። ሴት ልጁን ደግሞ ለሟቹ ወንድም ሰጠ፤ ደም እንዲደርቅ፣ ሁለቱ ቤት አንድ እንዲሆን። ያቺ ልጅ እናቴ ናት። እኔ የዕርቁ ልጅ ነኝ። ሟቹ የአባቴ ወንድም፣ ገዳዩ የእናቴ አባት። ለአንተ አባት የአክስቱ ልጅ ነኝ።»

«እርግማኑስ?»

«የምን እርግማን?»

«የቤቱ ሴቶች ባል አይሰንብትላቸው የተባለው።»

«አባቴን እኔ ሽበት አውጥቼ ነው የቀበርኩት። ከዚህ በላይ ምን ይሰንብት? ረጋሚዋ እኮ የአባቴ እናት ናት። እናቴን ምራቷ አድርጋ ተቀብላ፣ እርግማኑን በገዛ ልጇ ላይ ትተወዋለች? በዕርቁ ቀን አንሥታዋለች።»

እዚህ ላይ ጠላዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ በቅሎዬን ማዞር ነበረብኝ። እኅቴ የላከችኝ ለዚህ ነበር፤ ነጋዴውም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሰው ከሚያምነው ነገር ጋር ተስማምቶ መመለስ ለእኔ ሆድ የሚነፋ ነገር ነው።

«ሬሳውስ የት ተቀበረ?» አልሁት።

«አልተቀበረም። ገደል ገባ ተባለ።»

«የትኛው ገደል?»

«ገደል ሞልቷል፤ አታይም?»

«ያየ ሰው አለ? የሰማ አለ? በምን ገደለው? በምን ተጣሉ? ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ መግደሉን አላምንም። እንዲያውም ሟች የተባለው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለ ተረት በየአገሩ አለ።»

ፊቱ ተለወጠ። «አጎቴ አልነበረም ትላለህ? እናቴ በተረት ነው የተሰጠችው?»

«ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር...»

«ዝም በል!» ብሎ ተነሣ። ቤቱ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ በዐይኑ አስወጣቸው። ቆሞ ቁልቁል ሲያየኝ ቆየና፣ ከንዴት ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየሁት፤ ለረጅም ጊዜ ጠያቂ ያጣ ሰው ፊት ሆነ።

«እንዳልገደለው እኔም አውቃለሁ» አለ።

ሁለቱ ጓደኛሞች ጥጥ ሊገዙ ወደ ቆላ ወረዱ። በመመለሻቸው አንደኛውን ንዳድ ጣለው። ቅድመ አያቴ የቻለውን ያህል ተሸከመው። አብረዋቸው የነበሩት ነጋዴዎች ቀደሟቸው፤ አገሩ የሽፍታ አገር ነው፤ በሽታውም ይጋባል ይባል ነበር። በመጨረሻ አንድ ግራር ሥር አስተኛው፤ ጋቢውን አለበሰው፤ «ውኃ ላምጣልህ» አለውና ሄደ። ወንዙንም አልፎ ሄደ። ደጋ ሲወጣ የጓደኛው እናት ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ልጄን የት ጣልኸው?» አለችው። እሱም፣ «ተጣልተን ገደልኩት» አላት።

ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ ወደ እኔ አያይም ነበር።

«ምነው?» አልሁ። «ምነው ሞተብኝ ቢላት?»

«ሞተብኝ ቢል፣ የት ቀበርኸው ልትለው ነው። ሄደው ያወጡታል። ግራሩ ሥር ሲደርሱ ምን እንደሚያገኙ ማን ያውቃል? በሕይወት ቢያገኙትስ?» ጋቢውን ወደ ላይ ሰበሰበ። «ደግሞ ልጄ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ። የገደለ ሰው ዕርቅ አለው። ድንጋይ ይሸከማል፣ ከብት ይነዳል፣ ልጅ ይሰጣል፣ ያልቃል። ሰውም ይፈራዋል። የታመመ ጓደኛውን ጥሎ የመጣ ሰው ምን ይከፍላል? ለማን?»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«እናቴ፣ ልትሞት ስትል። ለእሷ የነገራት ራሱ ነው፤ ለአባቴ ሊሰጧት ሲያዘጋጇት ጠርቶ፣ አንቺን የምሰጥበት ደም የለም አላት። ለምን እንደ ነገራት አላውቅም። ቢያንስ ዝም ቢላት ጥሩ ነበር። እሷ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ሄደች። ከሟቹ እናት ጋር አንድ ቤት ኖረች። አሮጊቷ ማታ ማታ ልጄን በምን መታው ይሆን፣ ብዙ አመመው ይሆን እያለች ትጠይቃታለች አሉ። እናቴ አላውቅም ትላታለች።»

«እርስዎስ ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «አጎታችን እንደ ወንድ ተገደለ፣ ካሳው ተከፈለ፣ እንላለን። ብናገር ምን እንላለን? ግራር ሥር ውኃ ሲጠብቅ...» አልጨረሰውም። «እናቴም ያለ ዋጋ የተሸጠች ልትሆን ነው። እኔም የምን ልጅ ልሆን ነው? አናደድኸኝ እንጂ አልነግርህም ነበር።»

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ ተረቱ ሐሰት ነው፤ አለማመኔም ልክ ነበር። ሆኖም ደስታ አልሰጠኝም። ገዳይ የሆነ ቅድመ አያት ከእኔ ሩቅ ነው፤ ጦር አልወረወርሁም፣ አልወረውርምም። ይህኛው ግን በጣም ቅርብ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ያደረገው ምርጫ ነው። ሕጋችንም ልማዳችንም ለክፉ ሥራ ዋጋ አላቸው፤ ለእጅ መቁረጥ ይህን ያህል፣ ለነፍስ ይህን ያህል። ሳይሠሩ ለሚቀሩት ግን ዋጋ አልተቆረጠም። ሰውየው ካለበት ጥፋት መውጫ ስላጣ፣ መውጫ ያለውን ጥፋት ለበሰ። ልብሱ ደግሞ በጣም ልክ ሆነለትና ከእሱ አልፎ እኛም ስንለብሰው ኖርን። ብዙ የዓለም መጻሕፍት ሰው ከሠራው ነገር አሳንሶ እንደሚናዘዝ ይናገራሉ፤ ከሠራው አስበልጦ የተናዘዘ ሰው ያገኘሁት በገዛ ቤቴ ነው።

አፍንጮ በር ደርሼ ለእኅቴና ለልጅቷ ነገርኋቸው። እኅቴ «ታርቋል» የሚለውን ስትሰማ ተነሥታ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ የቀረውን ስትሰማ ተቀመጠች።

«ይኼኛውን ለማንም አትንገር» አለች። «ዕርቁ እውነት ነው አይደል? ዕርቁን ንገራቸው፤ በቃ። ምን ጎደለ?»

በእውነት ምንም አልጎደለም። ነጋዴው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አለኝ፤ ውሸትም አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኅቴ ጋር ተስማማሁ።

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ የነጠላዋን ጥለት ስትቆጥር ቆይታ ቀና አለች።

«ይንገሯቸው» አለች።

«አብደሻል?» አለቻት እናቷ። «ይኼ ሁሉ ድካም ላንቺ አይደል?»

«ይፈርስ እንደሆነ አሁን ይፍረስ። የገዳይ ዘር ናት ብሎ የወሰደኝ ሰው ነገ ብታመም ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እሱም እኔ ምን እንደማደርግ አያውቅም። ይንገሩትና ምን እንደሚል ልይ። ውኃ ላምጣልሽ የሚለኝ ሰው ከሆነ ሳላገባው ይሂድ።»

እኅቴ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ለመነች።  እኔ ግን ልጅቷን መቃወም አልደፈርሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጋዴው ቤት ተሰበሰብን። እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ነጋዴው፣ ከበሩ አጠገብ ልጁ። እናትየዋ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ ጥላዋ ይታያል። ዕርቁን ስናገር «እሰይ!» ተባለ። ቀጥዬ የቀረውን ነገርኋቸው።

ነጋዴው ብርሌውን አስቀመጠ።

«ጥሎት ሄደ?»

«አዎ።»

«የገዛ ጓደኛውን?»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አለ፣ በዚያች ትንሽ ድምፁ፣ «ቢገድለው ይሻለን ነበር።» ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የገዳይ ዘር ሌላ ነገር ነው። ገዳይ ወንድ ነው። ይኼ ግን... ደም ውስጥ የሚሄድ ነገር ነው። የፈሪ ዘር ምን ብዬ ቤቴ አስገባለሁ? ወንድሜ፣ ባትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ልጁን አየሁት። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ወጥቷል፤ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ያን ዘመን ሽማግሌ ከተቀመጠበት መሐል የቤት እመቤት እንዲህ አትገባም። ቀጥ ብላ እኔ ፊት መጣች።

«ማንንም አልገደለም ነው የምትለኝ?»

«አልገደለም፣ እሜቴ።»

«በሽታ ፈርቶ ሄደ?»

«አዎ።»

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ የወንድምህን በር ማን ዘጋው?»

«ተይ» አለ ነጋዴው። «ተይ፣ በእንግዳ ፊት...»

«ማን ዘጋው?»

«ልጆቹን ላድን ብዬ ነው።»

«ልታድን ነው። አውቃለሁ። እኔስ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያልኩህ አልነበር? ከሱቁ ጀርባ ተኝቶ ሲያስል እየሰማነው አይደል የሄድነው? ስንመለስ በሩ እንደዘጋነው ነበር።»

 ያን ዓመት በዚህች ከተማ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ በር አለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የራሱን ጣቶች ያይ ጀመር። ሌላው ነጠላውን ወደ አፉ ከፍ አደረገ። ልጁ አጎቱ በምን እንደ ሞተ ያን ቀን ገና የሰማ ይመስለኛል፤ አባቱን እንደማያውቀው ሰው እያየው ነበር።

«ገድሏል ሲሉኝ ፈርቼ ነበር» አለች ሴትዮዋ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኼን ግን ምን ብዬ ልፍራው? ይኼ የሚሸሹት እርግማን ከሆነ እኔም ቤት አለ። ልጅቷን አምጡልኝ።» ተመልሳ ወደ መጋረጃው ገባች።

 ነጋዴው «ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሁን» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መረቀ። ምርቃቱ አጭር ነበር።

ስወጣ ልጁ ተከትሎኝ መጣ። «ለእሷ ምን ብዬ ልላክባት?» አለኝ።

«መልእክት የምትፈልግ አይመስለኝም» አልሁት።

ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየው፣ አፍንጮ በር ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ሠርጉ ሳይደርስ የሙሽራ ቤት ደጅ መቆም እንዴት ያለ ነውር እንደነበር የዛሬ ልጆች አያውቁትም። እኅቴ በሩን ከፈተችለት። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። እኅቴ የሰማችው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ እሱ «አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ ማን ያውቃል?» ሲል ሰማሁት አለች። ልጅቷም ይህን ስትሰማ «እሺ» አለችው። ሌላ መልስ ቢሰጣት ኖሮ እሺ የምትለው አይመስለኝም።

ነጋዴው ከሠርጉ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ለሠርገኛው «ገደለ፣ ታረቀ» ብንል ይበቃል አለ። በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ራሱ ጦሩን እየሰበቀ ሲያወራው ሰማሁት፤ በእሱ አፍ ገደሉ ከአጎቶቼም ገደል ጠለቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቃወመው የኖርሁት ተረት ለእኔ ሰዎች መከለያ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ፤ የሰውን መከለያ ሠርግ ላይ አይገፉም። በሁለቱም ቤት ያን ጊዜ የነበሩ ትልልቆቹ አልቀዋልና አሁን ጻፍሁት።

በጾሙ መግቢያ ላይ የልጁ እናት ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም አጠገብ አገኘችኝ። ስለ ሙታን ጸሎት ከቄሱ ጋር ልትነጋገር የመጣች ነበረች። ለሰላምታ እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም።

«የዚያን ሰውዬ ስም ታውቀዋለህ? ቆላ የቀረውን?»

አውቀው ነበር፤ ሽማግሌው ነግሮኛል። ነገርኋት።

«ይኼ የዓለም ስሙ ነው። የክርስትና ስሙስ?»

አልጠየቅሁም። ማን ገደለው፣ በምን ገደለው፣ መኖሩን ማን አየ፤ ይህን ሁሉ ጠይቄያለሁ። በየትኛው ስም እንደሚጸለይለት ግን አልጠየቅሁም፤ በእኛም ሆነ በእነሱ ቤት ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም፤ ገደል የገባ ሰው ፍትሐት የለውም ብለው ትተውታል።

«ቄሱ የክርስትና ስም ካልሰጡት አይቀበልም» አለች። ቆማ አሰበች። «ለጊዜው በባሌ ወንድም ስም አብሮ ይጸለይለት። አንተ ግን አስጠይቅልኝ።»

በሚቀጥለው በጋ ወደ ተጉለት ሰው ላክሁ። ሽማግሌው ደብሩን ሁሉ አስጠይቆ ነበር። የሚያስታውስ አልተገኘም።